«ንጉሥ» ተብላ የነገሠችው ልጅ፦ የፖላንዷ ያድቪጋ እና ስለ እሷ የተዘፈነው

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንዲት ልጅ ነው። በ4 ዓመቷ ታጨች። በ10 ዓመቷ ገደማ ዘውድ ደፋች፤ ያውም «ንግሥት» ሳይሆን «ንጉሥ» ተብላ። በ12 ዓመቷ አይታው ለማታውቅ ሰው ተዳረች። በ25 ዓመቷ አረፈች። ከሞተች ከ400 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ አገሩን የተቀማ ሕዝብ ኦፔራ ሠራላት።

ስሟ ያድቪጋ ይባላል። በመካከለኛው ዘመን ፖላንድን የገዛች ናት። የኛ ነገር ሆኖ ዛሬ ከሙዚቃው እንጀምርና ወደ ሕይወቷ እንሻገራለን። ምክንያቱም ዘፈኑ የነገረን ያድቪጋና በእውነት የኖረችው ያድቪጋ አንድ አይደሉም። ልዩነታቸው ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን።

(ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዋርሶ፣ ዲሴምበር 1814

እስቲ መጀመሪያ ቲያትር ቤት እንግባ። ከተማው ዋርሶ ነው። ሰዓቱ ለፖላንዶች ክፉ ሰዓት ነው። ሩሲያ፣ ፕራሻ እና ኦስትሪያ የሚባሉ ሦስት ጎረቤቶች በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ሦስት ጊዜ ቆራርሰው ተካፍለዋታል። ከሦስተኛው በኋላ ፖላንድ የሚባል አገር ከካርታ ላይ ጠፋ። ናፖሊዮን መጥቶ ትንሽ ተስፋ ሰጥቷቸው ነበር፤ እሱም ተሸነፈ። የሩሲያ ወታደር ዋርሶ ውስጥ ነው። ቪየና ላይ ደግሞ ትልልቆቹ መንግሥታት ተሰብስበው የአውሮፓን ድንበር እያሰመሩ ነው። የፖላንድ ዕጣ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው።

በዚህ መሀል ነው የዋርሶው ብሔራዊ ቲያትር መጋረጃ የተከፈተው። ኦፔራው «ያድቪጋ፣ የፖላንድ ንግሥት» ይባላል። ሙዚቃውን የደረሰው ካሮል ኩርፒንስኪ ነው፤ ያኔ ገና 29 ዓመቱ ነበር። ይህን ሰው በሌላ ነገር ልታውቁት ትችላላችሁ፤ በ1830 ወጣቱ ሾፔን ዋርሶ ላይ የፒያኖ ኮንቸርቶውን ሲያቀርብ ኦርኬስትራውን የመራው እሱ ነው። ቃሉን የጻፈው ደግሞ ዩልያን ኒየምሴቪች ነው። ይህም ሰው ቀላል አይደለም፤ በ1794ቱ አመፅ ተዋግቶ፣ ተማርኮ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ታስሮ፣ ከዚያም አሜሪካ ተሰዶ የተመለሰ ነው።

ኦፔራው የሚነግረን ታሪክ አጭር ነው። ወጣቷ ንግሥት የኦስትሪያውን መስፍን ቪልሄልምን ትወዳለች። አገሯ ግን የሊትዌኒያውን መስፍን እንድታገባ ትፈልጋለች። ፍቅር ወይስ አገር? በመጨረሻ አገርን ትመርጣለች።

አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠው ሰው ይህ ተራ የፍቅር ታሪክ አልነበረም። ያች ንግሥት የራሱ ንግሥት ናት፣ የምትዘፍነውም በራሱ ቋንቋ ነው፤ አገር በሌለበት ሰዓት አገር የነበረበትን ዘመን በዓይኑ እያየ ነው። ደግሞም እሷ የልቧን ሰው ከሰጠች እኔስ ምን ልስጥ የሚል ጥያቄ ይዞ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው።

እንግዲህ ሙዚቃው ያደረገው ይህን ነው። አሁን ወደ ልጅቷ እንመለስ።

ለግብር ቅናሽ የተሸጠ ዘውድ

ያድቪጋ የተወለደችው በ1373 መጨረሻ ወይም በ1374 መጀመሪያ፣ ሃንጋሪ ውስጥ፣ በዛሬዋ ቡዳፔስት ነው። አባቷ ሉዊስ የሃንጋሪም የፖላንድም ንጉሥ ነበር። የፖላንድን ዘውድ ያገኘው በ1370 ነው፤ አጎቱ ታላቁ ካዚሚር ሕጋዊ ወንድ ልጅ ሳይተካ ሲሞት።

ሉዊስም ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሦስት ሴቶች ብቻ፦ ካታሪና፣ ማሪያ እና የመጨረሻዋ ያድቪጋ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅ የፖላንድን ዙፋን ትወርሳለች ብሎ ማሰብ ዘበት ነበር። ስለዚህ ሉዊስ ከፖላንድ መኳንንት ጋር ተደራደረ። በ1374 ኮሺትሴ በምትባል ከተማ ስምምነት ተደረገ፤ እነሱ ከልጆቹ አንዷን ሊቀበሉ፣ እሱ ደግሞ የመሬት ግብራቸውን ሊቀንስላቸው። በአንድ የእርሻ ይዞታ ላይ ይከፈል የነበረው 12 ግሮሽ ወደ 2 ወረደ።

አያችሁ ነገሩን? ሕፃኗ ገና በእቅፍ እያለች የእሷና የእህቶቿ መብት በግብር ቅናሽ ተገዝቷል።

በ1378 ደግሞ እጮኛ ተገኘላት። ሰውየው… ሰውየው እንኳ አይባልም፣ ልጁ ቪልሄልም የኦስትሪያው መስፍን ልጅ ነው። እሷ 4 ዓመቷ፣ እሱ 8 ዓመቱ ገደማ። ሃይንቡርግ በምትባል ከተማ ትልቅ ሥነ ሥርዓት ተደረገ። ጋብቻው የሚጸናው ሁለቱም ለአቅመ ጋብቻ ሲደርሱ ነው ተባለ፤ በቤተ ክርስቲያን ሕግ ለሴት ልጅ ይህ ማለት 12 ዓመት ነው። ውሉን ያፈረሰ ወገን 200,000 ፍሎሪን የወርቅ ገንዘብ ካሳ ይከፍላል። ይህን ቁጥር ያዙልን፣ በኋላ ይመጣል።

«ንጉሥ» ያድቪጋ

ሉዊስ በሴፕቴምበር 1382 ሞተ። ሃንጋሪዎች ማሪያን ወዲያው አነገሡ። ፖላንዶች ግን አንድ ነገር ላይ ግግም አሉ፦ ንግሥታችን እዚሁ ከኛ ጋር መኖር አለባት፣ ከሃንጋሪ ሆና የምትገዛን አንፈልግም። ማሪያ ሃንጋሪን ስለያዘች ለፖላንድ የቀረችው ትንሿ ያድቪጋ ሆነች። ካታሪና ቀደም ብላ ሞታ ነበር።

እናቷ ኤልሳቤጥ ልጇን ለመላክ ሁለት ዓመት አመነታች። በዚያ መሀል ፖላንድ ውስጥ ሰላም ጠፋ፣ መኳንንቱ እርስ በርስ ተዋጉ። በመጨረሻ በ1384 ያድቪጋ ክራኮው ገባች። በኦክቶበር 16 ቫቬል በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለው ካቴድራል ዘውድ ተጫነላት። ዕድሜዋ 10 ዓመት ወይም ትንሽ ከፍ ቢል ነው።

ማዕረጉ በላቲን ሲጻፍ የወንዱ «ንጉሥ» ነው የተባለው። ለምን? በፖላንድ «ንግሥት» ማለት የንጉሥ ሚስት ማለት ነበር። እሷ ግን የማንም ሚስት ሆና አልነበረም የነገሠችው፤ ዙፋኑ የራሷ ነው። ይህን በወረቀት ላይ ለማሳየት የወንዱን ማዕረግ ሰጧት።

በወረቀት ላይ ንጉሥ ናት እንግዲህ። በተግባር ግን ሌሎች የሚወስኑላት ልጅ ነበረች።

በሩና መጥረቢያው

የክራኮው መኳንንት ኦስትሪያዊውን ቪልሄልምን አልወደዱትም። ዓይናቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነበር። እዚያ ዮጋይላ የሚባል የሊትዌኒያ ታላቅ መስፍን አለ፤ ግዛቱ ከፖላንድ በብዙ እጥፍ ይሰፋል። እሱና አብዛኛው የሊትዌኒያ ሕዝብ ገና ክርስትናን አልተቀበሉም። ሁለቱ አገሮች ደግሞ አንድ የጋራ ጠላት አላቸው፤ በባልቲክ ባሕር ዳርቻ ጠንካራ መንግሥት የመሠረተው የጀርመን የመስቀል ጦረኞች ማኅበር፣ ቴውቶኖች የሚባሉት።

በኦገስት 14, 1385 ክሬቮ በምትባል ቦታ ዮጋይላ ቃሉን ሰጠ። ያድቪጋን ካገባ ይጠመቃል፣ ሕዝቡንም ያስጠምቃል፣ ምርኮኞችን ይፈታል፣ አገሩን ከፖላንድ ዘውድ ጋር ያገናኛል። እናም ለቪልሄልም 200,000ውን ፍሎሪን ይከፍላል። ያዙልን ያልናችሁ ቁጥር ይኸው።

በዚያው ኦገስት ቪልሄልም ራሱ ክራኮው ድረስ መጣ፤ እጮኛዬን ስጡኝ ብሎ። አልተሰጠውም። ከከተማው እንዲወጣ ተደረገ።

ታዲያ እዚህ ላይ ነው ዘፈንና ሥዕል ሁሉ የሚወደው ትዕይንት የሚመጣው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ያድቪጋ ቪልሄልምን ልትከተል ስትሮጥ የቤተ መንግሥቱ በር ተዘጋባት። መጥረቢያ አምጡልኝ ብላ በሩን በገዛ እጇ ልትሰብር ጀመረች። አንድ ሽማግሌ ባለሟል ተንበርክኮ ለመናት፣ እሷም መጥረቢያውን ጣለች።

ይህን የጻፈው ያን ድሉጎሽ የተባለ የታሪክ ጸሐፊ ነው። ድሉጎሽ የተወለደው በ1415 ነው፤ ማለትም ያድቪጋ ከሞተች ከ16 ዓመት በኋላ። በሩ ሲደበደብ አልነበረም። ስለዚህ ሆኗል ብለን አንምልላችሁም፤ ሲወራ የኖረ ነገር መሆኑን ግን እንነግራችኋለን። ያው ድሉጎሽ ሌላም ይነግረናል፤ ያድቪጋ የማታውቀው ሙሽራ አስፈሪ አረመኔ ይሆን ብላ ሰግታ የምታምነውን ባላባት ልካ አስታየችው ይላል።

ወሬውን እንተወውና የተረጋገጠውን እንያዝ። ዮጋይላ በፌብሩዋሪ 15, 1386 ክራኮው ላይ ተጠመቀ፣ ቭላዲስላቭ ተባለ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ በ18, ያድቪጋን አገባት። በማርች 4 ዘውድ ደፋ። እሷ 12 ዓመቷን የሞላችው በዚያው ሰሞን ነው። እሱ በሃያዎቹ ወይም በሠላሳዎቹ የሚገኝ ጎልማሳ ነበር።

ቆም እንበል እስቲ። ኦፔራው ላይ በፍቅርና በአገር መሀል ቆማ የምትጨነቀው አዋቂ ሴት ናት፤ ድምፅዋም የአዋቂ ድምፅ ነው። በእውነቱ ግን መድረኩ ላይ መቆም የነበረባት የ12 ዓመት ልጅ ናት። ስድስተኛ ክፍል ያለችውን እህታችሁን አስቡ። በ4 ዓመቷ አንዱን መረጡላት፤ በ12 ዓመቷ ሌላውን። ሁለቱንም ጊዜ ቀድሞ የጠየቃት አልነበረም። መሥዋዕትነት ከፈለች ይባላል፤ እኛ ግን እንዲህ እንላለን፦ መሥዋዕት ያደረጓት ሌሎች ናቸው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ በራሷ ያደረገችው ነው።

ያገኘችውን ሥልጣን ምን አደረገችበት?

ኦፔራው የሚያተኩረው በቪልሄልም ላይ ነው። ያድቪጋ ግን ከሠርጉ በኋላ 13 ዓመት ኖራለች። ዋናው ሕይወቷ ያለው እዚያ ነው።

በ1387 የጦር ሠራዊት አስከትላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ዘመተች። ሃንጋሪዎች ይዘውት የነበረውን የቀይ ሩተኒያ አገር፣ ሊቪቭን ጨምሮ (ዛሬ ዩክሬን ውስጥ ነው) ወደ ፖላንድ ዘውድ መለሰች። ዕድሜዋ 13 ነው።

በ1397 ከቴውቶኖቹ አለቃ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝታ ተደራድራለች። ጦርነቱ እንዳይነሣ ስትል። በሕይወቷ እያለች ትልቁ ጦርነት አልመጣም። የመጣው እሷ ከሞተች ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1410 ግሩንቫልድ ሜዳ ላይ ነው።

በዚያው 1397 ሁለት ሥራዎች ሠራች። አንደኛው፣ የሊትዌኒያ ልጆች ፕራግ ዩኒቨርሲቲ ሄደው እንዲማሩ ማደሪያ ቤት አቋቋመች። ሁለተኛው፣ ከሮም ፈቃድ ተገኝቶ ክራኮው የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍል እንዲከፈት ሆነ። የክራኮውን ዩኒቨርሲቲ በ1364 የመሠረተው ታላቁ ካዚሚር ነበር፤ እሱ ሲሞት ግን ትምህርት ቤቱም ተዳከመ። ያድቪጋ ያን የሞተ ነገር ለማስነሣት ቆርጣ ተነሣች።

እሷ ለሙዚቃ የሰጠችው

እስካሁን ሙዚቃ ስለ ያድቪጋ ምን አለ የሚለውን አየን። ብዙ ሰው የማያነሣው ግን እሷ ራሷ ለሙዚቃ ያደረገችውን ነው።

በ1390 ከባሏ ጋር ሆና ከፕራግ መነኮሳትን አስመጥታ ክራኮው አጠገብ ገዳም አቋቋመች። እነዚህ መነኮሳት ልዩ ናቸው፤ ቅዳሴውን የሚያዜሙት በላቲን ሳይሆን በጥንቱ የስላቭ ቋንቋ ነው። በምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ሥር ላቲን ብቻ በነገሠበት ከተማ ሕዝቡ የሚቀርበውን ቋንቋ በዜማ ሰማ ማለት ነው። ድሉጎሽ ተማሪ በነበረበት ጊዜ ይህ ዜማ ገና ይሰማ ነበር።

በ1393 ደግሞ ቫቬል ካቴድራል ውስጥ 16 ዘማሪ ካህናት ያሉበት ማኅበር መሠረቱ። ሥራቸው አንድ ነው፤ መዝሙረ ዳዊትን መዘመር። ቀንም ሌሊትም፣ በተራ በተራ፣ ሳያቋርጡ። ደመወዛቸውና መተዳደሪያቸው ተመድቦላቸዋል። ዳዊት መድገም የሚባለውን ነገር ከቤታችሁ የምታውቁት ከሆነ ነገሩ አይከብዳችሁም። አንዱ ቡድን ሲደክም ሌላው ይቀጥላል፤ ድምፁ ግን አይቋረጥም። ከተማው ተኝቶ እያለ ኮረብታው ላይ የሚዘምር ሰው አለ።

የመዝሙሩን መጽሐፍም እናንሣ። «የፍሎሪያን መዝሙር» የሚባል በብራና ላይ የተጻፈ፣ በቀለምና በወርቅ ያጌጠ መጽሐፍ አለ። መዝሙረ ዳዊት በሦስት ቋንቋ ይዟል፤ በላቲን፣ በፖላንድኛ እና በጀርመንኛ። ተመራማሪዎች ሥራው የተጀመረው ለያድቪጋ ተብሎ እንደሆነ ያምናሉ። ሙሉ መዝሙረ ዳዊትን በፖላንድኛ ይዘው ዛሬ ድረስ ከቆዩት መጻሕፍት ቀዳሚው እሱ ነው። ስሙን ያገኘው ኦስትሪያ ውስጥ ከተገኘበት ከቅዱስ ፍሎሪያን ገዳም ነው። ዛሬ ዋርሶ፣ በፖላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

ነገሩን ልብ በሉት። ዘፋኞቹ እሷን አላወደሱም። የከፈለቻቸው ስለ እሷ እንዲዘምሩ አልነበረም። በዚያ ዘመን ደግሞ ገዥን በሙዚቃ ማወደስ የታወቀ ነበር። ለምሳሌ በ1426 ለዚያው ለቭላዲስላቭ ከሌላ ሚስቱ ልጅ ሲወለድለት የራዶሙ ሚኮላይ የተባለ የሙዚቃ ሰው የምስጋና መዝሙር ደርሶለታል። ያድቪጋ ያቆመችው ማኅበር ግን የሷን ስም ለማስጠራት የቆመ አልነበረም።

ወርቅ ሳይሆን እንጨትና ቆዳ

ከ13 ዓመት ጋብቻ በኋላ በጁን 22, 1399 ያድቪጋ ሴት ልጅ ወለደች። ኤልሳቤጥ ቦኒፋትሲያ ተባለች። ደስታው ሦስት ሳምንት ነበር የቆየው። ሕፃኗ በጁላይ 13 ሞተች። እናትየዋ ከአራት ቀን በኋላ፣ በጁላይ 17 ተከተለች። አንድ ላይ ቫቬል ውስጥ ተቀበሩ።

ኑዛዜዋ ሲከፈት ጌጣጌጧንና ውድ ልብሶቿን ሁሉ ለሁለት እንዲከፈል አዝዛ ተገኘች። ግማሹ ለድሆች፣ ግማሹ ለዩኒቨርሲቲው። በጁላይ 26, 1400፣ ከሞተች ልክ በዓመቷ ገደማ፣ ባሏ ትምህርት ቤቱን በአዲስ መልክ ከፈተው። ዛሬ ያጌሎን ዩኒቨርሲቲ የሚባለው እሱ ነው። በ1491 ከተመዘገቡት ተማሪዎች አንዱ ኒኮላስ ኮፐርኒከስ ነበር። አዎ፣ መሬት ናት በፀሐይ ዙሪያ የምትዞረው ያለው ሰውዬ።

በ1887 መቃብሯ ተከፈተ፣ በ1949 እንደገና። ውስጡ የተገኘው በትረ መንግሥትና ሉል የወርቅ አልነበረም፤ በወርቅ ቀለም የተቀባ እንጨትና ቆዳ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ፣ ሀብቷን ሁሉ ለተማሪ ሰጥታ የሚቀበር ወርቅ አልተረፋትም ይላል። ታሪኩ ደስ ይላል። ግን እውነቱን እንናገር፤ ለመቃብር ተብሎ ርካሽ ዘውድና በትር መሥራት በዚያን ጊዜ የተለመደ ነበር። ከእሷ በፊት የነገሠው ታላቁ ካዚሚርም የተቀበረው በወርቅ ከተለበጠ መዳብ ጋር ነው። ለጋስነቷን ለማወቅ መቃብር መክፈት አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው ቆሞ ይታያል።

እንደገና ወደ ዘፈኑ

አሁን ወደ ዋርሶ እንመለስ። ከኦፔራው ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1816፣ ያው ኒየምሴቪች «ታሪካዊ ዝማሬዎች» የሚል መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ የፖላንድን ነገሥታትና ጀግኖች ታሪክ በዘፈን አድርጎ ለወጣቶች ማስተማር። አገር ከሌለ የአገር ታሪክ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ማን ይከፍትልሃል? በየቤቱ ግን ፒያኖ አለ፣ የሚዘፍን ልጅ አለ።

መጽሐፉ የሚጀምረው «ቦጉሮጂጻ» በሚባለው ጥንታዊ የማርያም መዝሙር ነው። እንደ ድሉጎሽ አጻጻፍ የያድቪጋ ባል ሠራዊት ግሩንቫልድ ላይ ከመዋጋቱ በፊት የዘመረው እሱን ነው። ከዚያ ነገሥታቱ ይከተላሉ። ዜማዎቹን የደረሱት ብዙ ሰዎች ናቸው፤ ኩርፒንስኪ አለበት፣ ሴቶችም አሉበት።

የያድቪጋን ዜማ የደረሰችው ማሪያ ሺማኖቭስካ ናት። ይህች ሴት በ1789 ዋርሶ የተወለደች ፒያኖ ተጫዋች ናት። ሴት ልጅ ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ እንጂ መድረክ ላይ ለገንዘብ አትጫወትም በሚባልበት ጊዜ እሷ አውሮፓን እየዞረች ኮንሰርት አቅርባ ራሷንና ልጆቿን አስተዳድራለች። ከባሏም ተለያይታለች። ልጇ ሴሊና በኋላ የፖላንድን ታላቅ ገጣሚ አዳም ሚትስኪየቪችን አገባች።

በሰው ውሳኔ የተዳረችውን ንግሥት በዜማ የተረከችው የራሷን መንገድ የመረጠች ሴት መሆኗ እኛን ገርሞናል።

ያድቪጋ በዚህ ብቻዋን አይደለችም። የሾፔን አስተማሪ ዩዜፍ ኤልስነር በ1818 ስለ ንጉሥ ቭላዲስላቭ ዎክዬቴክ ኦፔራ አውጥቷል፤ ዎክዬቴክ የያድቪጋ ቅድመ አያት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ሉዶሚር ሩዢትስኪ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ነገሠው ቦሌስላቭ ኦፔራ ጽፏል፤ ያኔም ፖላንድ ገና ነፃ አልወጣችም ነበር። አገሪቱ ዳግም የቆመችው በ1918 ነው። ለ123 ዓመት መንግሥት አልነበራቸውም፤ ነገሥታታቸው ግን በመድረክና በፒያኖ ላይ ቆይተውላቸዋል።

ታዲያ የትኛዋ ያድቪጋ ናት እውነተኛዋ?

ዘፈኑን አንነቅፈውም። አገሩን የተቀማ ሰው የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል፤ ኩርፒንስኪና ኒየምሴቪችም ያን ሰጥተውታል። ግን ዘፈን ሁልጊዜ የሚነግረን ስለ ተዘፈነለት ሰው ብቻ አይደለም፤ ስለ ዘፋኙ ዘመንም ነው። በ1814 ለአገሩ ሁሉን የሚሰጥ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ስለዚህ ያድቪጋ ፍቅሯን የሰጠች ሴት ሆነች። የ12 ዓመት ልጅ መዳሯን ማንም አላዘነበትም፤ ዜማው አሳምሮት አለፈ።

እኛ የምንይዘው ሌላውን ነው። ሰዎች በሕይወቷ ላይ ሲወስኑባት ኖሩ፤ በእጇ በገባው ነገር ላይ ግን እሷ ወሰነች። ጌጧ መጽሐፍ ሆነ፣ የመማሪያ ክፍል ሆነ። ገንዘቧ ሌሊት የማያንቀላፋ መዝሙር ሆነ። ያ መዝሙር ስለ እሷ አንድም ቃል አልነበረውም።

በጁን 8, 1997 ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ክራኮው መጥተው ቅድስት ብለው ሰየሟት። እሳቸው ራሳቸው በወጣትነታቸው የተማሩት እሷ ጌጧን ሸጣችሁ አቋቁሙት ባለችው ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንግዲህ ቤተሰቦች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ድሮ ንጉሥ ወይም ንግሥት የተዘፈነ ዘፈን ስትሰሙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ዘፈኑ ምን ዘለለ? ብዙ ጊዜ ትልቁ ታሪክ ያለው እዚያ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ሐሳባችሁን ጻፉልን። ጽሑፉን ከወደዳችሁት ለምትወዱት ሰው አጋሩት። በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!